ጠበቃ ስትይዙ፦ ከፊርማው በፊትና በኋላ

ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠዋት ብትቆሙ ከኩታበር፣ ከተንታ፣ ከወረባቦ የመጣ ባለጉዳይ ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ጠበቃውን ሲጠብቅ ታያላችሁ። «መዝገቡ የት ደረሰ?» ብትሉት የብዙው መልስ «ጠበቃው ያውቃል» ነው። ጠበቃው ማወቁ ጥሩ ነው፤ ግን ቤቱም መሬቱም የእናንተ ስለሆነ እናንተም ማወቅ አለባችሁ።

መጀመሪያ የጥብቅና ፈቃዱን እዩ። የታደሰ መሆኑንም ጠይቁ፤ ነውር የለውም። በየካፌው «እኔ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ጉዳይ ገዳይ ጠበቃ አይደለም።

ቀጥሎ ያላችሁን ወረቀት በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ። ጉዳዩ የገጠር መሬት ከሆነ የይዞታ ደብተሩን አትርሱ። የሚጎዳችሁን ነገርም ንገሩት፦ የፈረማችሁትን ብጣሽ ወረቀት፣ የተቀበላችሁትን ቀብድ፣ ሁሉንም። ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው። ዝም ካላችሁት ግን ነገሩን የሚሰማው ችሎት ላይ ከተቃራኒ ወገን ነው፣ ያኔ ደግሞ ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም። ከእሱም በተራችሁ እውነቱን ጠብቁ። ጥሩ ጠበቃ ደካማ ጎናችሁን ይነግራችኋል፤ አንዳንዴም «ይሄን ለአበጋር (ለአገር አስታራቂ ሽማግሌ) ብትሰጡት ይሻላል» ይላችኋል። ክሱ ከተጀመረ በኋላ እንኳን ብትታረቁ ስምምነቱን ፍርድ ቤት አስመዝግቦ መዝገቡን ማዘጋት ይቻላል። «መቶ በመቶ እናሸንፋለን፣ ዳኛውን አውቀዋለሁ» ብሎ ከነገራችሁ ግን ሻያችሁን ጨርሳችሁ ውጡ።

ከዚያ የክፍያ ውል በጽሑፍ። ዋጋው እስከ የት ድረስ ነው? ወረዳ ፍርድ ቤት ብቻ ነው ወይስ ይግባኙንም ይጨምራል? ለፍርድ ቤት የሚከፈለው የዳኝነት ገንዘብና የጠበቃው መጓጓዣ ውስጡ አሉበት? ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በየደረጃው ክፈሉ፣ ለእያንዳንዱ ክፍያም ደረሰኝ ተቀበሉ። ብትረቱ ከተሸናፊው ወጪና ኪሳራ ስትጠይቁ ደረሰኙ ይፈለጋል።

አሁን ዋናው፣ ውክልናው። ውልና ማስረጃ ስትሄዱ የተዘጋጀው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በስሜ እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ መልስ እንዲሰጥ፣ ይግባኝ እንዲል፣ እንዲታረቅ፣ ገንዘብ እንዲቀበል…» እያለ ይሄዳል። ሰው ሳያነብ ይፈርማል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ለመክሰስና ለመከላከል፣ ለመታረቅ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና፣ ማለትም ድርጊቱን ለይቶ የሚጠራ ውክልና፣ ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። ስለዚህ እነዚያን ቃላት ጻፋችሁ ማለት ሥልጣኑን ሰጣችሁ ማለት ነው። ሳይጠይቃችሁ እንዲታረቅ ካልፈለጋችሁ «እንዲታረቅ» የሚለውን አስወጡ። «ገንዘብ እንዲቀበል» የሚለውንም እንደዚያው፤ የተፈረደላችሁ ብር በቀጥታ ለእናንተ ቢደርስ ምን ይጎድላል?

ክሱ ከተከፈተ በኋላ የመዝገብ ቁጥሩንና የቀጠሮውን ቀን ስልካችሁ ላይ ያዙ። የክሱን፣ የመልሱን፣ የትዕዛዙን ኮፒ ጠይቁ። ዋናውን ሰነድ ቤታችሁ አስቀምጡ፣ ለጠበቃው ኮፒ ይበቃዋል፤ ፍርድ ቤት ዋናውን አምጡ ሲል ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። በየቀኑ ስልክ ባያነሳ አትቆጡ፣ ችሎት ላይ ሊሆን ይችላል። ከቀጠሮ በኋላ ምን እንደተባለ ሳይነግራችሁ ሳምንታት ካለፉ ግን ጥፋት ነው። ከሳሽ ሆናችሁ እናንተም ጠበቃችሁም ብትቀሩ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል፤ ተከሳሽ ከሆናችሁ ደግሞ በሌላችሁበት ይታያል። ውሳኔ የተሰጠበትን ቀን በተለይ ጻፉት። ለመደበኛ የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ያላችሁ ጊዜ 60 ቀን ነው፣ የውሳኔ ግልባጭ እስኪወጣ ደግሞ ቀኑ ይሮጣል።

አቅም ከሌላችሁስ? በወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ማቆም ባለመቻሉ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ መንግሥት እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ መብት ሰጥቶታል፤ «ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ» በሉ። ለፍትሐ ብሔር ጉዳይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትን ስለ ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።

ካልተስማማችሁ ውክልናውን በፈለጋችሁ ጊዜ መሻር ትችላላችሁ። ለሠራው የሚገባውን ክፈሉ፣ ፋይላችሁን ተረከቡ፣ የከፋ ጥፋት ካለም ፈቃዱን ለሰጠው የፍትሕ ቢሮ አቤት በሉ። መሻሩን ግን ለችሎቱ በጽሑፍ ማሳወቅ አትርሱ፣ አለበለዚያ መጥሪያው ወደ ድሮው ጠበቃ መሄዱን ይቀጥላል።