የአያትዎን የአውሮፕላን አደጋ ሲያጣሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቤተሰብን ወሬ እንዳለ መቀበል። «አያታችን በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላኑ ተመትቶ ነው የሞተው» ይባላል። ይሆናል። ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እጅግ ብዙ በራሪዎች ያለቁት ጠላት በሌለበት፣ ልምምድ ላይ ነው። ይህን ቀድመው ካልለዩ የተሳሳተ መዝገብ ሲያገላብጡ ይከርማሉ። አሜሪካኖቹ ለምሳሌ ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለውጊያ ወጥቶ ላልተመለሰ አውሮፕላን የጠፉ የበረራ ሠራተኞች ሪፖርት ይጽፉ ነበር። አገር ውስጥ ልምምድ ላይ ለወደቀው ግን የሚሞሉት የአደጋ ሪፖርት ነው፤ የሚቀመጠውም ሌላ ቦታ ነው።

ስም ብቻ ይዞ መፈለግ። ስም በስህተት ይጻፋል፣ ያጥራል፣ ሞክሼም ይበዛል። ይልቅ አውሮፕላኑን ይፈልጉ፦ ዓይነቱን፣ የወደቀበትን ቀንና መለያ ቁጥሩን። ለንደን ባለው የእንግሊዝ አየር ኃይል ሙዚየም የሚገኙት የአደጋ ካርዶች እንኳ በቀላሉ የሚገኙት በእነዚህ ነው። ጎኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ፊደል ግን አያታልልዎ። አንዱ ሲወድቅ ፊደሉ ለተተኪው ይሰጥ ነበርና፣ በፎቶው ላይ ያለው የእሳቸው ላይሆን ይችላል።

ቀኑንም ልብ ይበሉ። 3/5/44 ለእንግሊዙ ግንቦት፣ ለአሜሪካዊው መጋቢት ነው።

«የአብራሪው ስህተት» የሚለውን አንብቦ ፋይሉን መዝጋት። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሞተ ሰው አይከራከርም፤ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ምርመራው ጥድፊያ ነበር። በሰላሙ ጊዜ፣ ስንት ባለሙያ ባለበት እንኳ የሆነውን ይመልከቱ። ኅዳር 28 ቀን 1979 እ.ኤ.አ. የኒውዚላንድ አውሮፕላን አንታርክቲካ ውስጥ ከኤረበስ ተራራ ጋር ተላትሞ 257 ሰዎች በሙሉ አለቁ። የመጀመሪያው ሪፖርት ጥፋቱን በዋናነት አብራሪዎቹ ላይ ጣለው፤ ከልክ በላይ ዝቅ ብለው በረዋል አለ። በ1981 ዳኛ ፒተር ማሆን የመሩት ኮሚሽን ግን ሌላ ነገር አገኘ። ከበረራው በፊት በነበረው ሌሊት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የበረራ መስመር ተቀይሯል፤ ለአብራሪዎቹ የነገራቸው የለም። በረዶውና ደመናው አንድ ሆነው ተራራውን ሰውረውባቸዋል። ስለዚህ የአያትዎ ሪፖርት ላይ ከድምዳሜው ይልቅ የምስክሮቹን ቃል፣ የአየር ሁኔታውንና በዚያ አውሮፕላን ላይ የነበራቸውን የበረራ ሰዓት ያንብቡ።

ፋይሉ ሲጠፋ ተስፋ መቁረጥ። ሐምሌ 12 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው መዝገብ ቤት የተነሳው እሳት ከ16 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን የግል ማኅደር በልቷል። የአደጋ ሪፖርቶች ግን ከግል ማኅደር ለብቻ ነው የሚያዙት። የስኳድሮኑ (አያትዎ ያገለገሉበት የበረራ ክፍል) ዕለታዊ መዝገብም አለ።

አደጋው የደረሰበት ቦታ ሄዶ ስብርባሪ መልቀም። እንግሊዝ ውስጥ በወታደራዊ አገልግሎት ላይ ሳለ የወደቀ አውሮፕላን በ1986ቱ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ነው። ያልፈነዳ ጥይት ወይም ያልተነሳ አስከሬን ሊኖር ይችላል። ፎቶ አንስተው፣ የመሬቱን ባለቤት አመስግነው ይመለሱ።