የናስካር ሾፌር "አለቀለት" የሚባለው መቼ ነው? ሪከርዱን አንብቦ የማወቂያ መንገድ

አንድ ታዋቂ የናስካር፣ ማለትም የአሜሪካ የመኪና ውድድር፣ ሾፌር ጥቂት ወራት ካላሸነፈ ደጋፊው ሁሉ "አለቀለት" ማለት ይጀምራል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እዚህ ስፖርት ላይ ግን ዛፉ ሳይወድቅም ምሳር የሚያነሳ ሞልቷል። በእውነት መውረድ የጀመረውን ደግሞ ዋንጫ እስካነሳ ድረስ ማንም ልብ አይለውም። ስለዚህ የአንድን ሾፌር መውጣትና መውረድ ከወሬ ሳይሆን ከራሱ ሪከርድ እንዴት እንደምታነቡት ላሳያችሁ። ዓመቶቹም፣ ወሮቹም፣ ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መለማመጃ የምናደርገው ጂሚ ጆንሰንን ነው። 7 ጊዜ ሻምፒዮን፣ 83 ድል። ከ2002 እስከ 2020 ሙሉ ጊዜውን የነዳው ለአንድ ቡድን፣ ለሄንድሪክ ሞተርስፖርትስ፣ በአንድ ቁጥር፣ በ48 ነው። ቡድን እየቀያየረ የነዳ ሾፌር ከወሰዳችሁ ጥፋቱ የሰውየው ይሁን የመኪናው መለየት ያስቸግራችኋል። ጆንሰን ላይ ይሄ ጣጣ የለም።

ሬሲንግ ሬፈረንስ የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቱና ስሙን ፈልጉ። በየዓመቱ ስንት እንደተወዳደረ፣ ስንት እንዳሸነፈ፣ ስንት ዙር እንደመራ፣ በአማካይ ስንተኛ እንደወጣ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ ድሎቹን ብቻ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ከ2002 ጀምሮ እንዲህ ይሄዳል፦ 3፣ 3፣ 8፣ 4፣ 5፣ 10፣ 7፣ 7፣ 6፣ 2፣ 5፣ 6፣ 4፣ 5፣ 5፣ 3። ከዚያ ሦስት ዜሮ።

አሁን 2011 ላይ ጣታችሁን አድርጉ። 2 ድል። ከ2006 እስከ 2010 አምስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን የወሰደ ሰው በዚያ ዓመት ቶኒ ስቱዋርት ነጠቀው። ያኔም "አበቃለት" ተብሎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት 5 አሸነፈ፣ በ2013 ደግሞ 6 ድልና ስድስተኛ ዋንጫ። አንድ መጥፎ ዓመት ምንም አይነግራችሁም። ቢያንስ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሳታዩ አፋችሁን አትክፈቱ።

የመውጣቱን ጊዜ ስታነቡ ከታች ያለውን ሊግ ብዙ አትመኑት። ጆንሰን ወደ ትልቁ ሊግ ከመምጣቱ በፊት ቡሽ በሚባለው ሁለተኛ ሊግ ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በ2001 ቺካጎላንድ ላይ። ከዚያ ዘመኑ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እንደውም ግጭቱን ነው። በ2000 ዋትኪንስ ግሌን ላይ ፍሬኑ እምቢ አለውና በፍጥነት ሄዶ ከፎም ግድግዳ ጋር ተላተመ። ሁሉም ሰው "ሞተ" ሲል እሱ ከመኪናው ወጥቶ ጣሪያው ላይ ቆመና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ቁጥሩን ብቻ ላየ ሰው ይሄ ልጅ ተራ ሾፌር ነው። የሄንድሪክ ሾፌር የነበረው ጄፍ ጎርደን ግን ሌላ ነገር አይቶበት ነበር፤ ለቡድኑ ባለቤት ለሪክ ሄንድሪክ ነገረው፣ የ48 ቁጥር መኪና ሲቋቋምም ጎርደን ራሱ ድርሻ ነበረው። ጆንሰን በትልቁ ሊግ በ13ኛ ውድድሩ፣ በ2002 ካሊፎርኒያ ላይ አሸነፈ።

ስለዚህ ሰውየው መውጣት ሲጀምር የምትጠይቁት "ማን መኪና ሰጠው? ማን ያዘጋጅለታል?" የሚለውን ነው። ወደ ክሩ ቺፍ የምንመጣው እዚህ ጋ ነው፣ ማለትም መኪናውን የሚያዘጋጀው ቡድን አለቃ፣ መቼ ነዳጅ ይቀዳ፣ ስንት ጎማ ይቀየር የሚለውን የሚወስነው ሰውዬ። የጆንሰን ክሩ ቺፍ ቻድ ናውስ ነበር። 17 ሲዝን አብረው ሠርተዋል፣ ከ83ቱ ድል 81ዱ ከናውስ ጋር ነው። የቀሩት ሁለቱ? በ2006 መጀመሪያ ናውስ ቴክኒክ ምርመራ ላይ ተይዞ ታገደ፣ ምክትሉ ዳሪየን ግራብ ቦታውን ያዘና ዳይቶና 500ን አሸነፉ፣ ላስ ቬጋስንም ጨመሩ። ሾፌሩ ያለ አለቃው ዋጋ የለውም ለሚሉ ሰዎች ይቺን ንገሯቸው። ያኔ ግን መኪናው የናውስ ሥራ መሆኑንም አትርሱ።

አሁን ዋናው ነገር። መውረድ ከድል ቁጥር ላይ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ የሚታየው የመራቸው ዙሮች ላይ ነው። ምክንያቱም ድል በአንድ ጥሩ ሪስታርት (ውድድሩ በግጭት ምክንያት ቀዝቅዞ እንደገና ሲለቀቅ) ወይም በሌላው ሰው ግጭት ሊመጣ ይችላል፤ መቶና ሁለት መቶ ዙር መምራት ግን ያለ ፈጣን መኪናና ያለ ፈጣን ሾፌር አይሆንም።

የ2016ን የመጨረሻ ውድድር፣ ሆምስቴድን፣ ፈልጋችሁ እዩት። በዚያ ዘመን በመጨረሻው ውድድር ዋንጫውን የሚፎካከሩት 4 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ጆንሰን ምሽቱን ሙሉ ከአራቱ ደካማው ይመስል ነበር። መጨረሻ አካባቢ ካርል ኤድዋርድስ ተጋጭቶ ወጣ፣ ውድድሩም ወደ ተጨማሪ ዙር ሄደ። በመጨረሻው ሪስታርት ጆንሰን ሲመራ የነበረውን ካይል ላርሰንን አለፈው፣ ውድድሩንም ሰባተኛ ዋንጫውንም ወሰደ። ከሪቻርድ ፔቲና ከዴል ኧርንሃርት ጋር እኩል ሆነ። በቃ፣ ዓለም ሁሉ "ስምንተኛውን መቼ ይወስዳል?" ማለት ጀመረ።

ቀጥላችሁ የ2017ን ዶቨር ክፈቱ፣ ሰኔ መጀመሪያ ላይ የተካሄደውን። አሁንም ውድድሩን ሲመራ የዋለው ላርሰን ነው። አሁንም ተጨማሪ ዙር፣ አሁንም ሪስታርት፣ አሁንም ጆንሰን ቀደመው። ዶቨር ላይ 11ኛ ድሉ፣ በጠቅላላው 83ኛው። በዚያን ቀን ማንም ያላወቀው የመጨረሻው መሆኑን ነው። እስከዚያ ድረስ ከ13 ውድድር 3 አሸንፎ ነበር፣ ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት የቀሩት 23 ውድድሮች ባዶ ናቸው። ሙሉ ጊዜ መንዳቱን እስካቆመበት እስከ 2020 መጨረሻ ስትቆጥሩት 130 ውድድር ያለ ድል። ሁለቱን ቪዲዮዎች ተከታትሎ ላየ ሰው ግን ነገሩ ድንገተኛ አይሆንበትም፤ ሰውየው ሪስታርት ላይ ገና አንበሳ ነበር፣ በረጅሙ ሩጫ ግን ፍጥነቱ ጠፍቷል።

(ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ዶቨር ከእናንተ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ኮንክሪት ትራክ ነው፣ ጆሯችሁን የምትሸፍኑበት ነገር ይዛችሁ ሂዱ።)

ፍጥነቱ ለምን ጠፋ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው "አረጀ" ብሎ ይገላገላል። ሥራውን የምትሠሩት ከሆነ ግን አብረውት የሚነዱትን ልጆች እዩ። አንድ ቡድን፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ጋራዥ። በ2018 ሸቭሮሌት አዲሱን ካማሮ ይዞ ሲመጣ ሄንድሪክ በጠቅላላው ያሸነፈው 3 ብቻ ነው፣ ሦስቱንም ቼዝ ኤሊየት። ሌሎቹ እንደ ጆንሰን ዜሮ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ጥፋቱን ጆንሰን ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው፣ ቡድኑ በሙሉ ታሟል። 2020ን ስታዩት ግን ኤሊየት 5 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ፣ አሌክስ ቦውማንና ዊሊያም ባይረን አንድ አንድ ጊዜ አሸነፉ፣ ጆንሰን ዜሮ። አሁን ቡድኑ ድኗል፣ እሱ ግን አልዳነም። ለኔ ትክክለኛው ማስረጃ ይሄ ነው እንጂ የልደት ቀኑ አይደለም።

በመሀል የተቀየረውንም መዝግቡ። ከ2018 በኋላ ናውስ ወደ ባይረን መኪና ሄደ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስፖንሰር የነበረው ሎውስም ለቀቀ። በ2019 ጆንሰን በአንድ ሲዝን ውስጥ ሁለት ክሩ ቺፍ ነበረው፣ ኬቨን ሚንደሪንግ ጀመረ፣ ክሊፍ ዳንኤልስ ተካው። በዚያው ዓመት ትልልቆቹ ትራኮች ላይ የሞተሩ ጉልበት ወደ 550 የፈረስ ጉልበት ወርዶ ነበር። 17 ዓመት አንድ ሰው ያዘጋጀለትን መኪና የለመደ ሾፌር ይሄ ሁሉ ባንዴ ሲመጣበት አስቡት። በ2019 ፕሌይኦፉን (በዓመቱ መጨረሻ ለዋንጫው የሚደረገውን ማጣሪያ) አጣ፣ ማጣሪያው በ2004 ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ። አንድ የሚያሳዝን ውድድር አይታችሁ የመውረድ ምልክት ነው አትበሉ። መስከረም 30 ቀን 2018፣ ሻርሎት፣ መንገዱ እንደ ከተማ ጎዳና የሚጠማዘዝበት ሮቫል። የመጨረሻው ዙር፣ የመጨረሻው መታጠፊያ። ማርቲን ትሩኤክስ ጁኒየር ይመራል፣ ጆንሰን ሁለተኛ ነው። ሁለተኛ ሆኖ ቢገባ ወደሚቀጥለው የፕሌይኦፍ ምዕራፍ ያልፋል። እሱ ግን ፍሬኑን አዘግይቶ ሊያልፍ ሞከረ፣ ጎማው ተቆለፈ፣ መኪናው ዞረ፣ ትሩኤክስንም ይዞት ሄደ። ሦስተኛ የነበረው ራያን ብሌኒ መሀላቸውን አልፎ አሸነፈ። ጆንሰን 8ኛ ወጣ፣ በነጥብ ከሁለት ሰዎች ጋር እኩል ሆነና በማጣሪያው ወደቀ። ብዙዎች "ድሮ ቢሆን እንዲህ አይሳሳትም" አሉ። እኔ አልስማማም፤ ከአንድ ዓመት በላይ ድል የራበው ሰው ያደረገው ነገር ነው፣ ሪከርዱ ላይም 8ኛ ተብሎ ተጽፎ ያልፋል። ስለዚህ ቁጥር ብቻም፣ ቪዲዮ ብቻም አይበቃም።

ዘዴው ከገባችሁ ሌላ ሾፌር ላይ ሞክሩት። ሪቻርድ ፔቲ ጥሩ ነው፦ 200ኛ ድሉን ሐምሌ 4 ቀን 1984 ዳይቶና ላይ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን በተገኙበት፣ በ47 ዓመቱ አገኘ። ከዚያ እስከ 1992 መጨረሻ ነዳ፣ አንድም አላሸነፈም። እዚያ ላይ የምትፈልጉት መቼ እንደወረደ ሳይሆን ለምን 8 ዓመት እንደቆየ ነው። ፔቲ ተሰናብቶ በወጣበት የአትላንታ ውድድር ላይ ደግሞ አንድ የ21 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደረ፣ ጄፍ ጎርደን። የሱን ሪከርድ ስታነቡ መስመሩ የግድ ወደ ታች መውረድ አለበት ብላችሁ አትጀምሩ፤ ጎርደን በመጨረሻው ሙሉ ዓመቱ፣ በ2015፣ ማርቲንስቪልን አሸንፎ ለዋንጫው ከሚፎካከሩት 4 ሰዎች አንዱ ሆኖ ነው የወጣው።