የቆመች አሮጌ መኪና ስታገኙ፦ ከግቢው በር እስከ ፎቶው

ይህን የምጽፈው አዳማ ውስጥ አንዲት ቮልስ በእኔ ምክንያት ሁለቱንም መብራቶቿን ስላጣች ነው። አሮጌ መኪና ባያችሁ ቁጥር እግራችሁ ለሚቆም፣ እጃችሁም ወደ ስልክ ለሚሄድ ሁሉ፣ ከዚያ ወዲህ የምከተለውን አካሄድ እንደሚከተለው ላስቀምጥ።

1. በእግር ሂዱ

አዳማ የመንገደኛ ከተማ ናት። የጅቡቲው፣ የአሰላው፣ የሐረሩ መኪና ሁሉ ያልፍባታል፤ የድሮው ባቡርም ያልፍባት ነበር። ጥቂት ወረድ ብሎ ወንጂ አለ፤ ስኳር ፋብሪካው በሆላንዶች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስንት ሰው ከነመኪናው መጥቶበታል። ስለዚህ እዚህ መጥቶ እዚሁ የቀረ መኪና አይጠፋም። አየሩም ደረቅ ስለሆነ ቆርቆሮው ከአዲስ አበባው ይልቅ ይከርማል። ጎማውንና የወንበሩን ልብስ ግን ፀሐዩ ይጨርሰዋል።

ጠዋት የግቢ በር ሲከፈት በፍራንኮና በድሮው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ያሉትን የውስጥ ለውስጥ መንገዶች በእግር ተመላለሱ። ልብስ የተሰጣበትን፣ ዶሮ ያደረበትን፣ ሸራ የለበሰውን ነገር ሁሉ አስተውሉ። ከዚህ የሚሻለው ግን ዕድሜ የጠገበ ባቲ ላሜራ (የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ) ወይም ጎሚስታ (ጎማ ጠጋኝ) ዘንድ ተቀምጦ ሻይ መጠጣት ነው። የትኛው ግቢ ውስጥ ምን እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ፣ ልጆቹ የት እንዳሉ ሳይቀር ያውቃሉ። ትልቅ ካሜራ በአንገታችሁ አታንጠልጥሉ። ሰው ሳይጠየቅ ቤቱን የሚያነሳበትን ሰው ይፈራል፤ ቦታ ሊለኩ የመጡ ይመስለዋል። ስልክ ይበቃል።

2. በሩ ላይ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በር ገርበብ ባለበት አንድ ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ውሃ ሰማያዊ ቮልስ አየሁ። የኋላ መስታወቷ ሞላላ ነው። ቮልስ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፦ መስታወቱ ለሁለት የተከፈለው እስከ 1953 ድረስ የተሠራው ነው፤ ሞላላው ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሰፊና አራት ማዕዘን ሆነ (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። ልቤ ቆመ። ማንንም ሳልጠራ፣ በሩ ላይ ቆሜ በስልኬ አነሳኋት፤ ታክሲ ውስጥ ሆኜም ለወዳጆቼ ሁሉ ላክሁት። ፎቶው ላይ የበሩ ቀለም ይታያል። አጠገቡ ያለው የሱቅ ጽሑፍም ይነበባል።

በሦስተኛው ቀን የግቢው ባለቤቶች ጋ ደላላ መጣባቸው። ከዚያ ሌላ ደላላ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሌሊት፣ የፊት መብራቶቿ ከነክፈፋቸው ተነቅለው ተወሰዱ፤ የፊቱ ፓራውልትም (የግጭት መከላከያው ብረት) አብሮ ሄደ። እኔ ይህን የሰማሁት በድጋሚ ላያት ስመለስ ነው። ባለቤቲቱ እናት ፎቶዬን በደላላው ስልክ ላይ አይተውታል። መኪናዋ የሟች ባላቸው ነበረች። መብራቱ የነበረበትን ክብ ቀዳዳ ጨርቅ ወትፈውበታል፤ አቧራ እንዳይገባ። አልጮኹብኝም። «ልጄ፣ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» ነው ያሉኝ።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። በሩ ክፍት ቢሆንም አንኳኩና ውጭ ጠብቁ። ሰው ሲወጣ ሰላምታውን አታሳጥሩ፤ ኦሮምኛ የሚናገር ቤት ከሆነ «አካም ጂርቱ» ብትሉ ፊቱ ይፈታል። ስማችሁን፣ የየት ሰፈር ልጅ እንደሆናችሁ፣ ማን እንደላካችሁ ተናገሩ፤ ባቲ ላሜራው ዘንድ የጠጣችሁት ሻይ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከዚያ እንዲህ በሉ፦ «እማማ፣ ሳልፍ መኪናዋን አየኋት። የማን ነበረች?»

«ትሸጧታላችሁ ወይ?» ብላችሁ እንዳትጀምሩ። ይህን የሚጠይቁት ደላላና ቁራሌው ናቸው፤ መልሱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። «የማን ነበረች» ስትሉ ግን ስለ ሰውየው ነው የጠየቃችሁት። ወንበር ይወጣል፤ አንዳንዴም ቡና ይቆላል። ቡናው ከተቆላ ሦስተኛውን ሳትጠጡ አትነሱ። ልትገዙ ፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ አትደብቁ። ታሪክ ሰብሳቢ መስሎ ገብቶ በሁለተኛው ቀን ዋጋ መጥራት ሰውን ያቆስላል።

ለመሄድ ስትነሱ ሁለት ፈቃድ ጠይቁ። ፎቶ ማንሳት አንድ ነው፤ ያነሱትን ለሌላ ሰው ማሳየት ሌላ ነው። ለየብቻ ነው የሚጠየቁት። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይፈቅድና ሁለተኛውን «ልጆቼን ልጠይቅ» ይላል። ልጆቹ እስኪጠየቁ መጠበቅ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ያየሁት ቤት ሁሉ ውስጥ መኪናው የአንድ ሰው አይደለም፤ ውርሱ ያልተከፈለ፣ ሊብሬው በሟች ስም የቀረ ነው።

3. ስታዩዋት

ኮፈኗንም በሯንም ባለቤቱ ይክፈት። የአዳማ ሙቀት ውስጥ የከረመ መኪና ደግሞ ተርብ አያጣም፤ ቮልስና ፊያት ስድስት መቶ ከኋላ ያለው ሞተራቸው ጋ ሲከፈት ፊታችሁን አርቁ።

ቮልስ ከሆነች የኋላ መቀመጫዋን እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። በቀኝ በኩል ባትሪው አለ፤ አሲዱ ወለሉን የሚበላውም እዚያው ነው። እኔ ያየኋት ቮልስ ባትሪው ሥር መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበራት፤ በቀዳዳው በኩል የማንጎ ቅጠል ይታያል። ከበሮቹ ግርጌ የሚሄደውንም ሳጥን መሳይ ብረት ዳብሱት፤ ሙቀት ማስተላለፊያ ብቻ አይደለም፣ የመኪናዋን ጎን የሚሸከመው እሱ ነው። እሱ ከበሰበሰ ወጪው ሌላ ነው።

ፔጆ 404 ፒክአፕ ካገኛችሁ የጎን ለጎን አግዳሚ መቀመጫ የተገጠመበት ምልክት እንዳለ ከኋላ ተመልከቱ። ተሳፋሪ ፊት ለፊት እየተያየ ስለሚሄድበት ሕዝቡ «ውይይት» ያለው ታክሲ ይኸው ነው። ለእኔ ከመርሰዲስ ይልቅ ይህ ምልክት ይበልጥብኛል።

«እስቲ ትነሳ እንደሆነ እንሞክራት» የሚል ሰው አብሯችሁ ካለ አስቆሙት። ዓመታት የቆመ ሞተር ውስጡ ዝጎ ሊነክስ፣ ማለትም ተጣብቆ አልዞር ሊል ይችላል፤ በባትሪ ወይም በመግፋት ማስገደድ ሊሰብረው ይችላል። ካንዴላዎቹ (የሞተሩ እሳት መጫሪያዎች) ተፈተው፣ ትንሽ ዘይት ገብቶበት፣ አድሮ በእጅ ነው የሚዞረው። ይህም በባለቤቱ ፈቃድና በመካኒክ እጅ ነው፤ ለጉብኝት የመጣ ሰው ሥራ አይደለም።

4. ስታነሱ

ታርጋው፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ በሩ፣ የጎረቤት ሱቅ ጽሑፍ፣ የመስጊድ ሚናሬት ወይም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አይግባ። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ከአንድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቦታውን ይለየዋል። ቀረብ ብላችሁ አንሱ፦ የመሪውን መሃል፣ የበሩን እጀታ፣ ዳሽቦርዱን። እንዲህ ያለው ፎቶ ከሙሉ መኪናው ፎቶ ይልቅ ያምራል።

የስልካችሁ ካሜራ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ እንዳይመዘግብ፣ ቦታ መመዝገቢያውን አስቀድማችሁ አጥፉት። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ላኩት እንጂ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብላችሁ እንደ ፋይል አትላኩት፤ ፋይሉ የተነሳበትን ቦታ ይዞ ነው የሚሄደው።

5. ለሌላ ሰው ስትነግሩ

«አዳማ» ማለት ይበቃል። ሰፈሩን አትጥሩ፤ «የት ነው?» ብሎ የሚወተውታችሁን በቀጥታ «ባለቤቶቹ አልፈቀዱልኝም» በሉት። የእውነት መኪና የሚወድ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ይላል። ደጋግሞ ከጠየቀ ለምን እንደፈለገው ገምቱ።

ሌላ ሰው ያገኘውን ካሳያችሁ ያለ እሱ አትሂዱ፤ ፎቶውንም ያለ እሱ ፈቃድ አታስተላልፉ። እሱ በዚያ በር ላይ ስሙን አስይዟል። ባለቤቶቹ ልንሸጥ ነው ካሉ መጀመሪያ ላገኘው ንገሩት፤ እሱ ካልፈለገ ነው ወደ ሌላ የሚሄደው። በመሃል ኮሚሽን የምትቀበሉ ከሆነ ደግሞ ለሁለቱም ወገን በግልጽ ተናገሩ።

6. ተመለሱ

መርካቶ ስመላለስ ከርሜ ለዚያች ቮልስ አንድ የመብራት ክፈፍ አገኘሁላት፤ ሁለተኛውን አሁንም እየፈለግሁ ነው። ክፈፉን ይዤ የሄድኩ ዕለት ፎቶዋንም አሳትሜ ነበር። እማማ ክፈፉን ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት፤ ፎቶውን ግን ይዘው ወደ ብርሃን ወጡ፣ መነጽራቸውንም አስመጡ። ስለዚህ ስታሳትሙ ትልቅ አድርጋችሁ አሳትሙ፤ እኔ የወሰድኩላቸው የመዳፍ ያህል ነበርና አልታይ አላቸው።