የመኪናዎ አሞርዛተር መቀየር እንዳለበት እንዴት ያውቃሉ?

አሞርዛተር (ሾክ አብዞርበር) እንደ ጎማ ፈንድቶ ወይም እንደ ባትሪ አላስነሳም ብሎ አያስታውቅም። ቀስ እያለ ይደክማል፣ ሾፌሩም ቀስ እያለ ይለምደዋል። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሰው መኪናው መዋዠቅ መጀመሯን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ከሌላ ሰው ነው፤ አንድ ቀን የተዋሳት ዘመድ ቁልፉን ሲመልስ «ይቺ መኪና ምን ሆና ነው?» ይለዋል። ስለዚህ በስሜት ብቻ መፍረድ አይቻልም። ብዙ ጊዜ በአንድ ፈተናም አይቻልም። ከታች ያሉትን ምልክቶች አንድ ላይ ማየት ያስፈልጋል።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንለይ። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ወይም ባሌስትራው (ተደራርቦ የታሠረው ረጅም ጠፍጣፋ ብረት) ነው። ሞላ ጉድጓድ ሲያገኝ ይታመቃል፣ መልሶ ይለቀቃል፣ የሚገታው ከሌለም ደጋግሞ ይነጥራል። አሞርዛተር ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እያስገደደ ሲያሳልፍ የንጥረቱን ኃይል ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ሥራው ይኸው ነው። መኪናዋ ቆማ ሳለ ወደ አንድ ጎን ካጋደለች ወይም ኋላዋ ከወረደ ጥፋቱን ሞላው ወይም ባሌስትራው ላይ ይፈልጉ። ይህን ሳይለዩ አሞርዛተር ገዝተው መኪናዋ እንዳጋደለች የቀረችባቸው ጥቂት አይደሉም።

1. በመንገድ ላይ ያዳምጧት

የአባይን በረሃ መፈተኛ አያድርጉት። ከደጀን ቁልቁል ያለው አስፋልት መሬቱ እየተንሸራተተ በየቦታው ስለታጠፈ ደህናዋም መኪና ትናወጣለች፤ የሾፌር ሐሳብም እዚያ ላይ ከፍሬኑና ከመጠምዘዣው መውጣት የለበትም። የሚሻለው ደምበጫ ወይም ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ ያለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ነው። ቀስ ብለው ይለፉትና ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ይመልከቱ። ደህና አሞርዛተር ያላት መኪና ከፍ ትላለች፣ ትወርዳለች፣ ትረጋለች። ኮፋኖው ከጉብታው በኋላም ደጋግሞ ከተነሳና ከወደቀ የፊቶቹ ደክመዋል።

ሌሎቹም ምልክቶች ሲነዱ የሚሰሙ ናቸው። ፍሬን ሲይዙ አፍንጫዋ ከልክ በላይ ይደፋል፤ በመጠምዘዣ ላይ ከወትሮው ይበልጥ ታጋድላለች፤ በኮረኮንች ላይ ኋላዋ ወደ ጎን ይሸሻል። የመጨረሻው አደገኛ ነው፤ ጎማው መሬቱን እየለቀቀ ነው ማለት ነውና። መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝለትም፣ የመቆሚያው ርቀትም ይረዝማል።

ፈተናው መኪናዋ ባዶ ሆና ይሁን። ወንበሩ ሞልቶ ፖርቶ መጋላው ላይ ኩንታል የተደረደረበት ሚኒባስ አሞርዛተሩ አዲስም ቢሆን ያጋድላል።

2. ጎማውን በመዳፍ ያንብቡ

እኔ ከሁሉም ይበልጥ የማምነው ይህን ነው፤ ጎማ የወራት መዝገብ ይዟል። መኪናዋን ሜዳ ላይ ያቁሙና የጎማውን ፊት በመዳፍዎ ዙሪያውን ይዳስሱት። አንዱ ቦታ ጎድጎድ፣ ቀጥሎ ከፍ፣ እንደገና ጎድጎድ ካለ ጎማው እየነጠረ ሲሄድ መሬቱን በየተራ ሲመታ ኖሯል። ዋናው ተጠርጣሪ አሞርዛተር ነው። ሆኖም የተዛባ ባላንስ ወይም ያለቀ ኩሽኔታም (ቤሪንግ) እንዲህ ሊበላ ስለሚችል በእጅዎ ያገኙት ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ይፈልጉ።

ሌላውን አበላል ከዚህ አያደባልቁ። የውስጥ ወይም የውጭ ጠርዙ ብቻ ካለቀ ነገሩ የአላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ መዛባት) ነው። ሁለቱም ጠርዞች አልቀው መሐሉ ከቀረ ጎማው በነፋስ እጥረት ሄዷል፤ መሐሉ ብቻ ካለቀ ነፋሱ በዝቶበታል። እነዚህን ጎሚስታውም ሲያይ ይነግርዎታል።

3. አጥበው ይዩት

በክረምት፣ በተለይ ከደጀን እስከ ቢቸና ባለው ሜዳ፣ ዋልካው አሞርዛተሩን ስለሚሸፍነው ዘይቱን ከጭቃው መለየት አይቻልም። አሳጥበው፣ አድርቀው፣ ሁለት ሦስት ቀን ነድተው ከዚያ ይመልከቱ። የፊቱን አሞርዛተር መሪውን እስከ መጨረሻው በማዞር ከሥር ሳይገቡ ማየት ይቻላል። ከሥር መግባት ካለብዎ ግን በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር አይግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ ያስገቡ፣ መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎችም በድንጋይ ይያዙ።

ዘንጉ የሚገባበት አፍ አካባቢ ስስ ወዝና ትንሽ አቧራ ቢኖር አያስደንግጥዎት፤ ዘንጉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጥቂት ዘይት ይዞ ይወጣል። ዘይቱ እስከ ታች ወርዶ አቧራውን ወደ ጥቁር ቅርፊት ከለወጠው ግን ዘይቱን የሚያሽገው ጎሚኒ (ላስቲክ) አልቋል፣ ውስጡም እየጎደለ ነው። የታጠፈ ዘንግና የተጎረበጠ ቱቦም የዚያው ዓይነት ፍርድ ነው።

የማሠሪያ ጎሚኒዎቹንም ይንኩ። ተሰነጣጥቀው ወይም አልቀው ከሆነ በየጉድጓዱ «ኳ ኳ» የሚለው ድምፅ ከእነሱ ሊሆን ይችላል፤ ለብቻቸው መቀየር ከተቻለ ወጪው በጣም ይቀንሳል። ይኸው ድምፅ ከቴስቲናም (ከመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) ሊመጣ ስለሚችል በድምፅ ብቻ አሞርዛተር አይግዙ።

4. ተጭነው ይልቀቁ

ሁሉም ሰው የሚያውቀው ፈተና ነው። አንዱን ማዕዘን፣ ከፓራፋንጎው በላይ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል ተጭነው ይለቁታል። ከፍ ብሎ፣ አንዴ ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያ በላይ ከወዘወዘ ደክሟል።

ይህ ፈተና ግን የሚጥል እንጂ የሚያሳልፍ አይደለም። በእጅ የሚደረገው ግፊት በፍጥነት ከሚመጣ ጉድጓድ ጋር ስለማይመሳሰል፣ እዚህ ያለፈ አሞርዛተር መንገድ ላይ ሊከዳ ይችላል። ለፒክአፕ ኋላና ለአይሱዙ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፤ ያን ባሌስትራ ሰው በእጁ አያወዛውዘውም።

5. ሙቀቱን ያወዳድሩ

ለባሌስትራ መኪና የሚያዋጣው ይህ ነው። ከአስፋልቱ ወጥተው በኮረኮንች ሃያ ደቂቃ ያህል ይንዱ፤ እንደቆሙ የግራና የቀኙን ቱቦ በእጅ ጀርባ ይንኩ። የሚሠራ አሞርዛተር ይሞቃል። አንዱ ሞቆ ጓደኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀዝቃዛው ሥራ ላይ አልነበረም። የፊትን ከፊት፣ የኋላን ከኋላ ጋር ብቻ ያወዳድሩ፤ እጅዎንም ከጭስ ማውጫው ያርቁ።

ፍርዱ

ዘይቱ የሚወርድ፣ ዘንጉ የታጠፈ ወይም ቱቦው የተጎረበጠ ከሆነ ሌላ ምስክር አያስፈልግም፤ ይቀየር። ከዚያ ውጭ ግን ከመንገዱ፣ ከጎማው፣ ከግፊቱና ከሙቀቱ ቢያንስ ሁለቱ ሲስማሙ ይወስኑ። አንዱ ብቻ ከታየ በመጀመሪያ የጎማውን ነፋስና ባላንስ ያስተካክሉ።

አምራቾች በ80,000 ኪሎ ሜትር ገደማ አሞርዛተር እንዲመረመር ይመክራሉ። ኮረኮንች የሚበዛበት መኪና ከዚያ በፊት ይደክማል፤ ያገለገለ መኪና ገዝተው ከሆነም ቆጣሪው የሚለው እውነት ላይሆን ይችላል። ቁጥሩን ለመመርመሪያ ይጠቀሙበት፣ ለመፍረጃ አይደለም።

መካኒኩ «ጋሼ፣ አንዱ ደህና ነው፤ አንዱን ብቻ እንቀይረው፣ ገንዘብዎ ይትረፍ» ቢልዎት አመስግነው ጥንዱን ያስቀይሩ። በአንድ በኩል አዲስ፣ በሌላው አሮጌ ያላት መኪና ፍሬን ሲያዝ ወይም ስትታጠፍ ሁለቱ ጎኖቿ እኩል አይመልሱም። ተበስቶ ዘይት የተሞላና የተበየደ አሞርዛተር ደግሞ በነፃም ቢሰጥዎ አይቀበሉ። ያገለገለውንም ቢሆን ለፊት እግር አልመክረውም፤ የቀረው ዕድሜ ከውጭ አይታይም።

እንደ ቪትዝና ኮሮላ የፊት እግራቸው አሞርዛተሩን በሞላው መሐል የያዘ መኪናዎችን በቤት መፍታት አይሞከርም። የታመቀ ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል፤ የሞላ ማመቂያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ይውሰዱት፣ ሲያበቃም አላይመንት ያስይዙ።

ሲገጠም ሁለት ነገር በዓይንዎ ይከታተሉ። ዘንጉ እንዳይዞር ብሎ በፒንሳ የሚይዘውን ያስቁሙት፤ የተፋቀ ዘንግ አዲሱን ጎሚኒ ቶሎ ይበላዋል። ጎሚኒ ባለባቸው ማሠሪያዎች ላይ ያሉት ዳዶዎች ደግሞ በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዎቿ ስትቆም ነው፤ ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቁ ጎሚኒዎቹ እንደተጠማዘዙ ይቀሩና ጊዜያቸው ሳይደርስ ይቀደዳሉ።