አሚየን ሄደው ጣሪያ ብቻ አይተው አይመለሱ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ፈረንሳይ ያለችውን አሚየንንና ታላቁን ካቴድራሏን ሊያይ የሚነሣ ሰው የመጀመሪያውን ስህተት የሚሠራው ገና ትኬት ሲቆርጥ ነው። በተለይ ከሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ወይም ከሊል የሚነሣ ሰው «አሚየን» ብሎ ሲፈልግ «ቴ ዤ ቬ ኦት ፒካርዲ» የሚባል ጣቢያ ይመጣለታል። ፈጣን ባቡር ነውና ደስ ብሎት ይገዛል። ጣቢያው ግን አሚየን ውስጥ አይደለም፤ ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ እርሻ መሐል ቆሟል። የአገሩ ሰው ራሱ «የቀይ ሥር ጣቢያ» እያለ ይቀልድበታል፤ ስኳር የሚወጣበት ነጩን ቀይ ሥር ማለታቸው ነው። ወደ አሚየን የሚወስድ አውቶቡስ አለ፤ ከባቡርዎ ጋር ካልተገጣጠመ ግን የሚያዩት ማሳ ብቻ ነው። ከፓሪስ ከሆነ የሚነሡት ነገሩ ቀላል ነው፦ ከጋር ዱ ኖር ተራውን ባቡር ይያዙ፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። እዚያው አጠገብ ያለው ጋር ደ ሌስት ሌላ ጣቢያ ነው፤ ከዚያ የሚሄዱት ወደ ራንስ ነው። ራንስም ካቴድራል ስላላት ስህተቱ እስኪገባዎት ጊዜ ይወስዳል።

ከአሚየን ጣቢያ ሲወጡ ፊት ለፊት የተገተረው 104 ሜትር የሲሚንቶ ግንብ ካቴድራሉ አይደለም። የፔሬ ግንብ ነው። ካቴድራሉ በእግር 10 ደቂቃ ያህል ይርቃል።

ሰዓት አለመምረጥ ሌላው ነው። እንደ እኛ አብያተ ክርስቲያናት መቅደሱ ወደ ምሥራቅ፣ ዋናው በር ወደ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ጠዋት የፊት ለፊቱ ድንጋይ ጥላ ውስጥ ነው፤ ፎቶው ሁሉ ጠቁሮ ይወጣል። ጠዋት ውስጡን፣ ከሰዓት በኋላ ፊቱን ይዩ። ይኸው ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበው እንምጣ። ሰው አደባባዩ ላይ ይደርሳል፤ አንገቱን አንጋጦ ከላይ የተሰለፉትን 22 የነገሥታት ሐውልቶች ያነሣል፤ ይገባል፤ 42 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ጣሪያ አይቶ «አቤት!» ይላል፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ቡና ይፈልጋል። እነዚያ ጠራቢዎች ዋናውን ትምህርት ያስቀመጡት ግን ሰማይ ላይ ሳይሆን ዓይንዎ ትክክል ነው! በሦስቱ በሮች ግራና ቀኝ፣ ከትልልቆቹ ሐውልቶች እግር ሥር፣ ባለ አራት ቅጠል አበባ የመሰሉ ትንንሽ ክፈፎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። መሰላል አያስፈልግም፤ አጠገባቸው መቆም ብቻ ነው። በግራው በር ዓሥራ ሁለቱ የከዋክብት ምልክቶች ከየወሩ ሥራ ጋር አሉ፦ እግሩን እሳት የሚሞቅ ገበሬ፣ ወይን የሚረግጥ፣ ዘር የሚዘራ፤ የጃንዋሪው ሰው ሁለት ፊት አለው፣ አንዱ የሚሄደውን ዓመት አንዱ የሚመጣውን ያያል። በመካከለኛው በር ላይ በጎ ምግባር ከላይ፣ ተቃራኒው ክፋት ከሥሩ ተቀርጿል። ፈሪውን ይፈልጉት፤ ከጥንቸል ሸሽቶ ሰይፉን የሚጥል ወታደር ነው። ድንጋይ ያስቃል ለካ።

ቀኙ በር የእመቤታችን ነው። በስተ ግራ ጎኑ ከሦስቱ ሰብአ ሰገልና ከሄሮድስ ጋር ሁለት ሰዎች ቆመዋል፦ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። አዎ፣ ማክዳ የምንላት። ከእግራቸው ሥር ባሉት ክፈፎች የሰሎሞን ታሪክ አለ። ከአዲስ አበባም ከፍራንክፈርትም መጥቶ በእሷ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ራሱን ፎቶ የሚያነሣን ሐበሻ ምን ይሉታል? ለሦስቱ በሮች ቢያንስ 40 ደቂቃ ይመድቡ።

ውስጥ ሲገቡ በባለ ቀለም መስታወቱ የታወቀውን የሻርትር ካቴድራል ዓይነት ሥዕል አይጠብቁ። የአሚየን የጥንት ባለ ቀለም መስታወት አብዛኛው ጠፍቷል፤ ስለዚህ ቤቱ ብሩህ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው አያዝንም፤ ብርሃኑ አሠራሩን ያሳየዋልና። ግንባታው በ1220 ሲጀመር፣ ከተለመደው በተቃራኒ፣ መቅደሱ ሳይሆን ሕዝቡ የሚቆምበት ክፍል ቀደመ። ልዩነቱን ለማየት መስቀለኛው መሐል ላይ ይቁሙና ከታላላቆቹ ቅስቶች በላይ ያለውን ጠባብ መተላለፊያ ያነጻጽሩ፦ በምዕራብ በኩል ከኋላው ድፍን ግድግዳ ነው፤ በምሥራቅ በኩል መስታወት ገብቶበታል። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሐሳብ ሲለወጥ እንዲህ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ብዙ አይገኝም።

ወለሉ ላይ ያለውን ባለ ስምንት ማዕዘን ጠመዝማዛ መንገድ ረግጠውት አይለፉ። ጥቁሩን ድንጋይ ተከትለው ከሄዱ 234 ሜትር ይሆናል። አሁን የሚረግጡት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደገና የተሠራው ነው፤ የ1288ቱ የመሐል ድንጋይ ፒካርዲ ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየሙ ሰኞ ዝግ ነው፤ ሰኞ የሚመጡ ሰዎች ሁልጊዜ ይገረማሉ።

መቅደሱን ሳይዞሩ መውጣት ደግሞ ግማሹን መተው ነው። በስተ ደቡብ የአሚየን የመጀመሪያ ጳጳስ የሚባለው የቅዱስ ፊርሚን፣ በስተ ሰሜን የመጥምቁ ዮሐንስ ታሪክ በቀለም በተዋበ ድንጋይ ተቀርጿል፤ የሰሜኑ የ1531 ሥራ ነው። ለምን ዮሐንስ? ቁስጥንጥንያ በ1204 በመስቀል ጦረኞች ከተዘረፈች በኋላ ዋሎን ደ ሳርቶን የተባለ ካህን በ1206 የመጥምቁ ራስ ነው የተባለውን የፊት አጥንት ወደ አሚየን አመጣ። ከዚያ በኋላ ተሳላሚው ጎረፈ፤ ካቴድራሉም እንዲህ የገዘፈ ያለ ምክንያት አይደለም። ደማስቆና ሮምም «ራሱ እኛ ዘንድ ነው» ይላሉ፤ ያንን ክርክር ለእነሱ ይተዉትና ዕቃ ቤቱ የሚከፈትበትን ሰዓት ሲገቡ ይጠይቁ። የዘመን መለወጫን ቅዱስ ዮሐንስ ብሎ ለሚጠራ ሰው ይህን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል።

ከመንበሩ ኋላ የሚያለቅሰውን ትንሽ መልአክ ይፈልጉት። በ1636 ኒኮላ ብላሴ የቀረጸው ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደሮች ፖስት ካርዱን ለቤተሰብ ይልኩት ነበር። በደቡቡ በር ላይ ያለችው «ባለ ወርቅ ድንግል» የምትባለው የእመቤታችን ሐውልት ግን ቅጂ ናት፤ ዋናዋ ውስጥ ገብታለች። የካቴድራሉን ግንብ ከወጡ ከ300 በላይ ደረጃ ነው፤ መጀመሪያ ጉልበትዎን ያማክሩ።

ኦርቲዮናዥ ላይ የሚሠራው ስህተት ከፎቶ የመጣ ነው። 300 ሄክታር የሚሆን፣ በ65 ኪሎ ሜትር ቦይ የተከፋፈለ የጓሮ አትክልት ሥፍራ ነው፤ ሰው በጀልባ የተጫነ ጎመን አይቶ ቅዳሜ ይመጣል። የቅዳሜው «የውሃ ላይ ገበያ» አለ፤ አትክልቱ የሚመጣው ግን በመኪና ነው። በጥንት ልብስና በጀልባ የሚመጡት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጁን ነው። የጀልባው ጉብኝትም ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር እንጂ በብርዱ ወራት የለም።

ምግብ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ ፊሴል ፒካርድ የሚባለው የታወቀው ጥቅል ቂጣ ውስጡ እንጉዳይ፣ ክሬምና የአሳማ ሥጋ ነው። ሳይጠይቁ አይዘዙ። የአሚየን ማካሮንም እንደ ፓሪሱ ባለ ቀለም አይደለም፤ በአልሞንድ ለውዝና በማር የተጋገረ፣ ወፈር ያለ ነው። እንቁላል ስላለበት ለጾም አይሆንም።

የመጨረሻው የሰዓት ጉዳይ ነው። በ1990ዎቹ ድንጋዩ በሌዘር ሲጸዳ ሐውልቶቹ ጥንት ቀለም የተቀቡ እንደነበሩ ምልክቱ ተገኘ፤ በአውሮፓ በጋና በዲሴምበር ምሽቶች ያ ቀለም በብርሃን በሮቹ ላይ ይመለሳል። ጁላይ ላይ ግን ፀሐይዋ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ትርዒቱ ሳይጀምር የፓሪሱ የመጨረሻ ባቡር ሊሄድ ይችላል። ደርሶ መልስ አስቀድመው አይቁረጡ፤ ወይም እዚያው ይደሩ፤ ወይም ጓንት አድርገው ቶሎ በሚመሸው በዲሴምበር ይምጡ።