ማይግሬን የወሩን እኩሌታ ሲወስድ፦ ምልክቱን ቀድሞ ማወቅ፣ የኪኒን ቀን መቁጠር

ሐኪሞች «ሥር የሰደደ ማይግሬን» የሚሉት ራስ ምታቱ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ሲይዝ፣ ይህም ከሦስት ወር በላይ ሲቀጥል፣ ከእነዚያም ቀናት ቢያንስ 8ቱ የማይግሬን ጠባይ ሲኖራቸው ነው። የማይግሬን ጠባይ የሚባሉት በአንድ ወገን ፍልጥ ፍልጥ ማድረግ፣ ደረጃ ሲወጡ ወይም ጎንበስ ሲሉ መባስ፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃንና ድምፅ ማስጠላት ናቸው። የቀሩት ቀናት ራስን ከበድ የሚያደርግ ቀለል ያለ ሕመም ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙ ሰው እነዚህን አይቆጥራቸውም። ሐኪም ሲጠይቀው «በወር አራት ጊዜ ያመኛል» ይላል፤ የሚታዘዝለትም መድኃኒት ለአራት ቀን ሕመም የሚሆን ነው።

ከዚህ በሽታ ጋር ለመኖር ዋናው ሥራ ሕመሙ ሲመጣ ቀድሞ ማወቅና ማስታገሻውን ቶሎ፣ ግን አልፎ አልፎ ብቻ መዋጥ ነው። «ቶሎ» እና «አልፎ አልፎ» እርስ በርስ ይጋጫሉ። አብዛኛው ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ስለሆነ ከታች ሰፋ አድርገን እናየዋለን።

መጀመሪያ ካላንደር

የኢትዮጵያ ወር ድፍን 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ሥራ ይመቻል። ነጥቦቹ ከ15 ማለፋቸው በአንድ እይታ ይታያል። የግድግዳ ካላንደር ይውሰዱና ራስ ምታት በነበረበት ቀን ሁሉ፣ ቀላልም ቢሆን፣ ነጥብ ያድርጉ። ከሥራ ያስቀረ ወይም ያስተኛ ከሆነ ነጥቡን ያክብቡት። ማስታገሻ በወሰዱበት ቀን «መ» ይጻፉ። በአንድ ቀን ሦስት ኪኒን ቢዋጥም «መ» አንድ ነው፤ የሚቆጠረው ቀኑ ነው። ክሊኒክ ሄደው የተወጉት የዳይክሎፌናክ መርፌም «መ» ነው። ሴቶች የወር አበባ የጀመረበትን ቀን «ወ» ብለው ይጨምሩ፤ ሕመሙ በየወሩ ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ የሚመላለስ ከሆነ ሕክምናው ላይ ለውጥ ያመጣል።

ከዚህ በላይ አይጻፉ። የበሉትን፣ አየሩን፣ ንዴቱን ሁሉ ልመዝግብ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ሳይቆይ ሰልችቶት ይተወዋል። የሦስት ወሩን ገጽ በስልክ ፎቶ አንስተው ለሐኪሙ ያሳዩ።

ራሱ ሳይታመም የሚመጡት ምልክቶች

ማይግሬን ራስ ምታቱ ከመነሳቱ ሰዓታት፣ አንዳንዴም አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ይጀምራል። ሳይደክሙ ደጋግሞ ማዛጋት፣ የማጅራት መጨምደድ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ጣፋጭ ወይም ጨዋማ ነገር ማሰኘት፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ ከምልክቶቹ ውስጥ ናቸው። «ቸኮሌት በላሁና አመመኝ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል፤ ቸኮሌቱን ያሰኘው የጀመረው ማይግሬን ሊሆን ይችላል። ማጅራቱም እንዲሁ ነው፤ ትራሱ ይወቀሳል፣ ይታሻል፣ ከሰዓታት በኋላ ግን ሕመሙ ወደ ቅንድብ ይወጣል። በዚህ ሰዓት ኪኒን አይዋጡ። ምግብ ይብሉ፣ ውሃ ይጠጡ፣ የምሽቱን ጉዳይ ያቅልሉ፣ መድኃኒቱ ቦርሳዎ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።

ማይግሬን ካለባቸው ከሦስቱ አንዱ ገደማ ኦራ የሚባለው ይመጣበታል። ዐይን ውስጥ የሚያብረቀርቅ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር ይታያል፤ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ መሐሉ ላይ ያለውን ፊደል ይሰውራል። አንዳንዱን ሰው መደንዘዝ ይይዘዋል፤ ከጣት ጫፍ ይነሳል፣ ክንድን ይዞ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ከንፈርና ምላስ ይዘላል። ቃል መጥፋትም አለ፤ የሚያውቁትን የዕቃ ስም መጥራት ያቅታል። ከስትሮክ የሚለየው ፍጥነቱ ነው። ኦራ 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ እየወሰደ ይስፋፋል፣ አንዱ ምልክት ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ይለቃል። ስትሮክ በአንድ ጊዜ ይጥላል። ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ መደንዘዝ ወይም የንግግር መያያዝ ከሆነ ለመለየት አይሞክሩ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ። ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየም እንዲሁ።

ያለ ቀጠሮ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ሌሎችም አሉ፦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የነካ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የማጅራት መገተር (ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ለምች በዳማከሴ እየታሹ ቀን አያሳልፉ)፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ሕመም፣ ከጭንቅላት ምት በኋላ የመጣ፣ በእርግዝና ወይም በወሊድ ሰሞን የተነሳ አዲስ ሕመም፣ ካንሰር ወይም ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ጠባዩን የለወጠ።

በሌላ በሽታ ስም የሚታከሙትም ብዙ ናቸው። «ሳይነስ» ቀዳሚው ነው። ፊትንና ጉንጭን የሚያሳምመው ነርቭ በማይግሬን ጊዜ አፍንጫን ያፍናል፣ ንፍጥና እንባ ያወርዳል፤ ሰውየውም አንቲባዮቲክ ሲቀያይር ይከርማል። እውነተኛ የሳይነስ ቁስለት ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ፣ ብዙ ጊዜም ትኩሳት ይኖረዋል። ፈሳሹ እንደ ውሃ ከሆነና ብርሃንም የሚያስጠላዎት ከሆነ ማይግሬኑን ይጠርጥሩ። ማዞሩ ደግሞ «ደም ማነስ» ወይም «ግፊት» ይባላል፤ የማይግሬን ማዞር ከደቂቃዎች እስከ ሦስት ቀን ሊቆይ፣ ራስ ምታት ሳይኖርም ሊመጣ ይችላል። ደም ማነሱንና ግፊቱን ማስለካት ተገቢ ነው፤ ሁለቱም ደኅና ሆነው ማዞሩ ከቀጠለ ለሐኪሙ ማይግሬን እንዳለብዎት ይንገሩት። ማቅለሽለሹና ማስመለሱ «ጨጓራ» ይባላል። የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ግን አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን ሊያደሙት ስለሚችሉ ይህን ሳይናገር ማስታገሻ አይግዛ።

ቆዳ ላይ የሚመጣውን ደግሞ ብዙ ሰው ለማንም አይናገረውም። ፀጉር ማበጠር ያማል፣ ሹሩባው ይወጥራል፣ የመነጽሩ ዘንግና የጆሮ ጌጡ ይቆረቁራሉ፣ በሚያመው ወገን መተኛት አይቻልም። ነርቮቹ ስሜታቸው ከልክ በላይ ሲነቃ የሚመጣ እውነተኛ ምልክት ነው። የሚያሳየውም ሕመሙ ሥር እየያዘ መሆኑን ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚዋጥ ኪኒን ብዙ ጊዜ ይደክማል። ከፀጉር ሕመሙ በፊት መዋጥ ይለመድ። ጥብቅ ሹሩባ ለብቻውም ራስ ስለሚያሳምም ፀጉር ሠሪዋን ላላ አድርጋ እንድትሠራ ይንገሯት።

ሕመሙ ሲለቅ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ቀን ድካም፣ የሐሳብ መበታተን፣ ራስ ሲያነቃንቁ የሚሰማ ቅሪት ይቆያል። ይህ የበሽታው ክፍል ነው፤ ቤተሰብ «ለቆታል» ብሎ ከባድ ሥራ እንዳይጭን አስቀድመው ያስረዱ።

ኪኒኑን መቼ፣ ስንት

በማይግሬን ጊዜ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል፤ ዘግይቶ የተዋጠ ኪኒን ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ ሕመሙ ገና ቀላል ሳለ ሙሉውን መጠን ይውሰዱ፦ ለአዋቂ ሰው አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር፣ ወይም ፓራሲታሞል 1000 ሚሊግራም፣ ማለትም ባለ 500ው ሁለት። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ከ4000 ሚሊግራም አይለፍ፤ ጉበት ላመመው ወይም መጠጥ ለሚያዘወትር ከዚያም ይቀንሳል። ግማሽ ኪኒን እየዋጡ «እስኪ ልየው» ማለት ሕመሙን ያሳድጋል፣ የኪኒን ቀኑንም ያበዛል። የሚያቅለሸልሽዎት ከሆነ ሐኪሙ ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚሊግራም ሊያክል ይችላል፤ ጨጓራውን ስለሚያንቀሳቅስ ማስታገሻውም ቶሎ ይሠራል።

እነዚህ ካልበቁ ሱማትሪፕታን አለ፤ 50 ሚሊግራም፣ ሕመሙ ሲጀምር። ኦራው ላይ ሳሉ ሳይሆን ራስ ምታቱ ሲነሳ ይዋጣል። ረድቶ ከተመለሰ ቢያንስ ከ2 ሰዓት በኋላ ሊደገም ይችላል፤ በ24 ሰዓት ከ200 ሚሊግራም አይለፍ። መጀመሪያውኑ ምንም ካልረዳ ለዚያው ሕመም አይድገሙት። የልብ ደም ሥር ሕመም፣ ያለፈ ስትሮክ ወይም ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ያለበት ሰው አይወስደውም። ኤርጎታሚን ከሚባለው ሌላ የማይግሬን መድኃኒት ጋርም በ24 ሰዓት ውስጥ አይገናኝ።

ኤርጎታሚንና ካፌይን ያለበትን ካፌርጎት በተመለከተ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለ። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ እንዲሁም ኤሪትሮማይሲን ወይም ክላሪትሮማይሲን የጀመረ ሰው ይህን ፈጽሞ አይዋጥ። መድኃኒቶቹ ሲገናኙ የእጅና የእግር ደም ሥሮች እስከ መበስበስ ድረስ ሊዘጉ ይችላሉ። ፋርማሲው ውስጥ የምትወስዱትን መድኃኒት ስም መናገር ካሳፈረዎት በወረቀት ጽፈው ያሳዩ።

ወጥመዱ

አሁን ወደ ግጭቱ እንመለስ። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን (እንደ ሱማትሪፕታን ያለ)፣ ኤርጎታሚን፣ ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ቅልቅል ማስታገሻ ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ማስታገሻው ራስ ምታት ይሠራል። አሜሪካ ያለ ሰው በየመደብሩ የሚያገኘው ኤክሴድሪን ቅልቅል ነው፤ አንዱ ኪኒን 250 ሚሊግራም አስፕሪን፣ 250 ሚሊግራም ፓራሲታሞልና 65 ሚሊግራም ካፌይን አለው፣ ስለዚህ ገደቡ 10 ቀን ነው። ለመጠንቀቅ በሳምንት ከሁለት «መ» አይለፉ።

ሦስተኛው የሕመም ቀን ከመጣስ? ለዚያ ቀን ኪኒን ያልሆነውን ያዘጋጁ፦ ጨለማ ክፍል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ማጅራት ወይም ግንባር ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ውሃ፣ እንቅልፍ። በሻሽ ማሰር ካቀለለልዎት ምንም ክፋት የለውም። በሽታውን አያጠፋም፣ ቀኑን ግን ያሻግራል።

ገደቡን ያለፈ ሰው ፓራሲታሞሉን ወይም ትሪፕታኑን በአንድ ጊዜ ማቆም ይችላል። ከ2 እስከ 10 ቀን ሕመሙ ይብሳል፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። መሻሻሉ እስከ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል። ሥራ የማይበዛበትን ሰሞን ይምረጡ፣ ለቤት ሰው ይንገሩ። ትራማዶልን ወይም ኮዴይንን አዘውትሮ የወሰደ ሰው ግን በራሱ አያቁም፤ በሐኪም እየተቀነሰ ይወጣል።

ቡና፣ ጾም፣ ዕጣን

ቡና መተው ግዴታ አይደለም፤ ማዘበራረቅ ግን ይጎዳል። ካፌይን የለመደ አንጎል ካጣው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ያስነሳል። በሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት የሚጠጣ ሰው እሑድ እስከ 5 ሰዓት ተኝቶ ሲነሳ የሚያመው አንዱም ለዚህ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከአንድ ሁለት ስኒ ባላለፈ ይወሰኑ። ሦስቱንም ለመጠጣት ከተቀመጡ አቦሉን ይጠጡ፣ ቶናውንና በረካውን ለሌላው ይተዉ። የዕጣኑ ጭስም ሽታ የሚያስጠላውን ሰው ይቀሰቅሳል፤ ማጨሻውን ደጅ ማውጣት ወይም መስኮት መክፈት በቂ ነው፣ ቡና የምታፈላዋም ምክንያቱን ስታውቅ አትቀየምም።

ጾም ላይ ሁለት ነገር ይደርባል፦ ባዶ ሆድና የጠዋት ቡና መቅረት። ሁዳዴ ወይም ረመዳን ከመግባቱ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ቡናውን በየጥቂት ቀኑ በግማሽ ስኒ ይቀንሱ። ማታና ከጎሕ በፊት ውሃ ያብዙ፣ ቶሎ የማይፈጭ ምግብ እንደ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ ይብሉ። በወር 15 ቀን የሚያመው ሰው የታመመ ሰው ነው፤ የንስሐ አባትን ማማከር፣ በእስልምናም ለሕመምተኛ የተሰጠውን ፈቃድ መጠቀም ነውር የለውም።

በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ

በወር ከአራት የሕመም ቀን በላይ ያለው ሰው ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪሙን ይጠይቅ። ፕሮፕራኖሎል በትንሹ ተጀምሮ ብዙ ጊዜ በቀን ከ80 እስከ 160 ሚሊግራም ይደርሳል፤ አስም ላለበት አይሆንም። አሚትሪፕቲሊን ማታ 10 ሚሊግራም ይጀመራል፤ እንቅልፍ ለሚያጣ ይመቻል፣ አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ያንጎላጃል። ቶፒራሜት በ25 ሚሊግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ 25 እየተጨመረ ወደ 100 ይወጣል፤ ጣት ያነዝራል፣ ቃል ያስረሳል፣ ለኩላሊት ጠጠርም ስለሚያጋልጥ ውሃ ይጠጣበታል።

ከሁሉም የሚበልጠው ስህተት በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ ማቆም ነው። ሙሉው መጠን ላይ ከደረሱ በኋላ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይጠብቁ። ነጥቦቹ በሲሶ ወይም በግማሽ ከቀነሱ መድኃኒቱ ሠርቷል፤ ጨርሶ ይጥፋ ብለው አይጣሉት። አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ያሉ ሰዎች የቦቶክስ መርፌንም መጠየቅ ይችላሉ፤ በየ12 ሳምንቱ ግንባር፣ የራስ ጎንና ኋላ፣ ማጅራትና ትከሻ ላይ በ31 ቦታ 155 ዩኒት ይወጋል። እንደ ኤሬኑማብ ያሉ በወር አንዴ የሚወጉ መድኃኒቶችም ከ2018 ጀምሮ አሉ። ካላንደሩ እነዚህን ለማስፈቀድም ማስረጃ ይሆናል።

ኦራ ያለባት ሴት ኤስትሮጅን ያለበትን የእርግዝና መከላከያ ኪኒን አትጠቀም፤ የስትሮክ አደጋን ይጨምራል። በየሦስት ወሩ የሚወጋው ዴፖ ፕሮቬራና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ኤስትሮጅን የላቸውም። ለማርገዝ የምታስብ ደግሞ ሳታረግዝ በፊት ለሐኪሟ ትንገረው፤ ቶፒራሜትና ሌላው መከላከያ ቫልፕሮይክ አሲድ ጽንስን ይጎዳሉ፣ ኤርጎታሚን አይወሰድም፣ አይቡፕሮፌንም ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ ይቀራል። በእርግዝና ጊዜ መጀመሪያ የሚሞከረው ፓራሲታሞል ነው፤ የ«መ» ቆጠራው ያኔም አይቋረጥም።