ከስልክ አፕ የሚወጣ የዊኪፔዲያ እርማትን እንዴት መለያ እንስጠው፣ እንዴትስ ወጥ እናድርገው?

ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን በአማርኛ ዊኪፔዲያ ስለ ሰሜን ሸዋ እንጽፋለን። ኮምፒዩተር ይዞ የሚመጣው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ የሌሎቻችን ሥራ በሙሉ የሚወጣው ከስልክ፣ ከዊኪፔዲያ አፕ ነው። ከአፕ የሚመጣ እርማት ብዙ ጊዜ ሁለት ጉድለት አለበት፦ ምን እንደተለወጠ የሚናገር ቃል አይኖረውም፣ አጻጻፉም እንደየሰዉ ኪቦርድ ይለያያል። በዚህ ምክንያት ደህና ሥራ ሲሰረዝ አይቻለሁ፤ የራሴም ተሰርዟል። አሁን የምንሠራበትን መንገድ እንዳለ ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ አካውንት ከፍታችሁ ግቡ። በቡድን የምትጀምሩ ከሆነ ሁሉም ከቤቱ ከፍቶ ይምጣ፤ ዊኪፔዲያ ከአንድ የኢንተርኔት አድራሻ በቀን ከ6 በላይ አካውንት አያስከፍትም፣ በአንድ ዋይፋይ የተሰበሰበ ቡድን ሰባተኛው ሰው ላይ ይቆማል።

ሶፍትዌሩ የሚለጥፈው ታግ

አንድ ገጽ በብሮውዘር ከፍታችሁ ታሪኩን፣ ማለትም የተደረጉበትን እርማቶች ዝርዝር፣ ተመልከቱ። በየእርማቱ መስመር መጨረሻ ላይ ታግ የሚባሉ ትንንሽ መለያዎች አሉ። ከአንድሮይድ አፕ የወጣ እርማት ቢያንስ ሦስት ይይዛል፦ የሞባይል እርማት፣ የሞባይል አፕ እርማት፣ የአንድሮይድ አፕ እርማት። ከአይፎን ከሆነ ሦስተኛው የአይኦኤስ ይሆናል። በዚያው ስልክ በብሮውዘር ካረማችሁ ደግሞ የአፑ ቀርቶ የሞባይል ድረ ገጽ የሚለው ይለጠፋል። እነዚህን የሚለጥፋቸው ሶፍትዌሩ ራሱ ነው፤ እኛ አንነቅላቸውም። ታጉን አይተው የተከሰሱ መስሏቸው የደነገጡ ልጆች ነበሩ። ክስ አይደለም። እርማቱ በምን እንደተሠራ ብቻ ነው የሚናገረው። ምን እንደተሠራ፣ ለምን እንደተሠራ መናገር የአራሚው ድርሻ ነው፤ ቦታውም ማጠቃለያው ነው።

ማጠቃለያ

አፑ እርማቱን ከማተማችሁ በፊት ማጠቃለያ ይጠይቃል። አንድሮይዱ ላይ በጣት ነክታችሁ የምትመርጧቸው የተዘጋጁ ቃላት አሉ፤ እኔ አልወዳቸውም። "የፊደል ስህተት ተስተካከለ" የሚል ብቻውን ሲመጣ የትኛው ፊደል እንደሆነ ተቆጣጣሪው አያውቅም። የእኛ ማጠቃለያ ሁልጊዜ ከአራት ቃላት በአንዱ ይጀምራል፦ ፊደል፣ ምንጭ፣ ዓመት፣ ሊንክ። ቀጥሎ የተለወጠው ነገር በአጭሩ ይጻፋል፤ ለምሳሌ "ዓመት፦ 1844 የፈረንጅ እንደሆነ ተገለጸ"። መጨረሻው ላይ #ሰሜንሸዋ እንጨምራለን፣ ያለ ክፍት ቦታ። አንድ እርማት ላይ ሁለት ዓይነት ሥራ አትቀላቅሉ፤ አንዱ ስህተት ቢሆን ሌላውም አብሮ ይሰረዛል።

ማጠቃለያ አንዴ ከታተመ አይታረምም። ረስታችሁት ካለፋችሁ እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ትንሽ እርማት ሠርታችሁ በእሱ ማጠቃለያ የቀደመውን አስረዱ።

ፊደልና ነጥብ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ፤ እኔ የተጎዳሁት እዚህ ነው።

ቀላሉ አራት ነጥብ ነው። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየመታ "፡፡" ይጽፋል። ለዓይን "።" ይመስላል እንጂ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ መስመር ሲያልቅ አንዱ ከላይ ቀርቶ ሌላው ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ያገኛችሁትን ሁሉ ወደ አንዱ "።" ለውጡት። የእንግሊዝኛውን ኮማም ወደ ነጠላ ሰረዝ። የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ግን በጅምላ አትንኩት! "መደብ" ወይም "ስዕል" ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለው ነጥብ ገጹ የሚጻፍበት ኮድ አካል ነው፤ በአማርኛው ከተተካ ገጹ ከመደቡ፣ ማለትም ከተመደበበት የርእስ ዝርዝር፣ ይወጣል።

ከባዱ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። አንድ ገጽ ውስጥ አንድ ስም በሦስት ዓይነት ተጽፎ ሳይ ስለሚያናድደኝ፣ አንድ ምሽት 14 ገጾችን ከስልኬ ተቀምጬ ወጥ አደረግሁ። ሐን ወደ ሀ፣ ሣን ወደ ሳ። ማጠቃለያ አልጻፍኩም፤ ግልጽ ነው ብዬ ነበር። ቅዳሜ ስንገናኝ የመሐል ሜዳዋ ልጅ ስልኳን ዘርግታ "ጋሼ፣ የጓሳው ፎቶ ጠፋ እኮ!" አለችኝ። ኮዱን ከፍተን አየነው። የፎቶው ፋይል "የጓሳ ሣር" በሚል ስም ተጭኖ ነበር፤ እኔ "የጓሳ ሳር" አድርጌዋለሁ። በዚያ ስም የተጫነ ፋይል የለም፤ ስለዚህ ፎቶው የነበረበት ቦታ ላይ ቀይ ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። መርሐቤቴ የሚለው ሊንክም መርሀቤቴ ሆኖ ቀልቷል፤ በዚያ ስም ገጽ የለም ማለት ነው። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለሶፍትዌሩ ግን ሐ እና ሀ የማይገናኙ ሁለት ፊደላት ናቸው። ማታውን አንድ የማላውቀው አራሚ 14ቱንም ገጾች ወደ ነበሩበት መለሳቸው፣ ትክክል የነበረውን አራት ነጥብ ሁሉ ጨምሮ። አልፈርድበትም። ከስልክ የወጣ፣ ማጠቃለያ የሌለው፣ ፎቶ ያጠፋ እርማት ነው ያየው።

ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይህ ነው። በድርብ ቅንፍ [[ ]] ውስጥ ያለ ስም፣ የፋይል ስምና የመደብ ስም አይነካም። ሊንኩ ውስጥ ያለው ቃል በሌላ ፊደል እንዲታይ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ትክክለኛውን የገጽ ስም፣ ቀጥሎ ቁም ሰረዝ፣ ከዚያ የምትፈልጉትን አጻጻፍ አስገቡ፦ [[መርሐቤቴ|መርሀቤቴ]]። አንባቢ በሌላው ፊደል ሊፈልገው ይችላል ካላችሁ በዚያ ስም ሪዳይሬክት፣ ማለትም አንባቢውን ወደ ትክክለኛው ገጽ የሚመራ ገጽ፣ ክፈቱ። ከቅንፍ ውጭ ባለው ጽሑፍ ላይ ደግሞ የገጹን ርእስ አጻጻፍ ተከተሉ፤ የራሳችሁን ምርጫ አይደለም። ከማተማችሁ በፊት አፑ የሚያሳየውን ቅድመ እይታ እስከ ታች ድረስ አንብቡ፣ የጠፋ ፎቶ ወይም የማይሠራ ሊንክ ካያችሁ ተመለሱ።

ዓመት

ዓመተ ምሕረት ነው ወይስ እ.ኤ.አ.? ሁልጊዜ ይጻፍ። ዳግማዊ ምኒልክ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው አንጎለላ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጁ 1844 መሆኑ ነው። አንድ ልጃችን 1844 ብሎ ብቻ አስገባው፣ ሌላው ዓ.ም. ጨመረበት፤ ንጉሡ 8 ዓመት ዘግይተው ተወለዱ ማለት ነው። 8 እየቀነሱ መሄድም አያዋጣም፤ ከመስከረም መባቻ እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። ወሩን ካላወቃችሁ አትቀይሩ፤ እ.ኤ.አ. የሚለውን ብቻ ጨምሩ።

አጭር መግለጫ

አንድሮይዱ ከርእስ ሥር የምትገባ አጭር መግለጫ እንድትጽፉ ይጋብዛችኋል። በአማርኛው የምትጽፉት መግለጫ የሚቀመጠው የዊኪፔዲያ እህት በሆነው የመረጃ ቋት፣ ዊኪዳታ ላይ ነው፤ በገጹ ታሪክ ብትፈልጉት አታገኙትም። ማጠቃለያውንም አፑ ራሱ ይጽፋል። መግለጫው ዓረፍተ ነገር አይደለም፦ "ነው" የለውም፣ አራት ነጥብ የለውም። "በሰሜን ሸዋ የምትገኝ ከተማ" ይበቃል።

መከታተል

ይህን ክፍል በአፑ አትሞክሩት፤ ብሮውዘር ይሻላል። የቅርብ ጊዜ ለውጦችን ከፍታችሁ በማጣሪያው የአንድሮይድ አፕ ታግን ስትመርጡ ከአፕ የወጡት ብቻ ይቀራሉ፤ ከእነሱ ውስጥ #ሰሜንሸዋ ያለበትን እያያችሁ የፊቱንና የኋላውን ጽሑፍ ጎን ለጎን የሚያሳየውን ንጽጽር ክፈቱ። እኛ ሁለት ሰው መድበን ሰኞ ማታ እናያለን፣ ማንም የራሱን አያይም። ሰንጠረዥና የመረጃ ሳጥን (ዋና ዋና መረጃ በአጭሩ የሚቀመጥበት የገጹ ሳጥን) የተነካበት እርማት ካለ መጀመሪያ እሱን እዩ፤ አፑ ላይ የሚታየው ኮዱ ብቻ ስለሆነ አንድ ቅንፍ ሳይታወቅ ይሰረዛል። እንዲህ ያለውን ሥራ አሁን ኮምፒዩተር ላለው ልጅ አስተላልፈናል።